ወንድሜ ከጅዳ የላከው የመዳብ አንባር

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። እማዬ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱንም እጇን ማመም ከጀመራት ዓመት አልፏል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ድርቅ ይሉና ጀበና አንስታ መቅዳት ያቅታታል። ረፋዱ ላይ ትንሽ ይፍታታሉ። ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጥተዋት ሲያማት ትውጥ ነበር። ጥር ላይ ጅዳ ያለው ወንድሜ የመዳብ አንባር ገዝቶ በሰው ላከላት። ሻጮቹ ‹ሰውነቷ መዳብ አንሶት ነው፤ ክኒኑን ካላቆመች ግን አይሠራላትም› ብለውታል። እሱም ክኒኑን አስተዋት። እማዬ ‹አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል ብሎኛል› ትላለች። እኔ ግን ወጥ ስታማስል አያታለሁ። ማማሰያውን በመዳፏ ትገፋዋለች እንጂ በጣቷ አትጨብጠውም። አንባሩ ያረፈበት ቆዳዋ አረንጓዴ ሆኗል፤ መርዙ እየወጣ ነው ተብላለች። አሁን ደግሞ ወንድሜ የመዳብ ክር ያለው ጓንትና ካልሲ ልግዛላት፣ አንቺም ሦስት ሺህ ብር ጨምሪ አለኝ። እምቢ ስለው ‹ለእናትሽ ሰሰትሽ› ብሎ ተቀየመኝ። እውነት ይሠራል? ዘ. ነኝ።»

እህቴ ዘ.፣ መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አይሠራም። የመዳብ አንባር የመገጣጠሚያ ሕመም አያድንም። መዳብ ከሌለበት የማስመሰያ አንባር የበለጠም አያስታግስም። ይህን በልበ ሙሉነት የምነግርሽ ተፈትኖ ስለታየ ነው፤ እንዴት እንደተፈተነም እነግርሻለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ግን እንቅልፍ የነሳኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ድርቅ ይሉና» ያልሽው። እሷን ይዘሽ ቆዪኝ፣ እመለስባታለሁ።

መዳብ የሚያደርጉ ሰዎችን አልንቅም። አባቴ ያደርግ ነበር። ገበሬ ነበር፣ ኩታበር። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ጉልበቱ ጠንቶበት ሰነበተና ባቲ ሰኞ ገበያ ለወረደ ዘመዳችን ገንዘብ ሰጥቶ ቀይ የመዳብ አንባር አስመጣ። ጉልበቱን ያመዋል፣ አንባሩ ያለው የእጁ አንጓ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ይገርመኝ ነበር። መስከረም ጠባ፣ ዝናቡ ወጣ፣ ጥቅምት ላይ አባቴ ያለ ምርኩዝ ማሳው ድረስ መሄድ ጀመረ። «መዳቡ አነሳኝ» አለ። ሰፈሩም አመነ። በዓመቱ ነሐሴ ጉልበቱ እንደገና ተያዘ። አንባሩ ከእጁ ለአንድ ቀን እንኳ አልወጣም ነበር። ያኔ ግን «የዘንድሮው ክረምት ከበደ» አለ እንጂ መዳቡን አልጠረጠረም።

ቁርጥማት ጠባዩ እንዲህ ነው። ይነሳል፣ ይበርዳል፣ ደግሞ ይነሳል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ደግሞ በጣም በባሰበት ሰሞን ነው። ከባሰ ሰሞን ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ሰሞን ነው። ያ ቀን ሲመጣ እጃችን ላይ የተገኘው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል። ጥር ላይ እናትሽ ምን ያህል ይብስባቸው እንደነበር አስታውሺ። ልጃቸው ስጦታ የላከላቸው ያኔ ነው። ከልጅ የመጣ ነገር እጅ ላይ ሲያርፍ ልብም ይሞቃል። «ቀለል ብሎኛል» ሲሉ አልዋሹሽም።

ታዲያ ሕመሙ በራሱ ሲበርድና መዳቡ ሲያበርደው በምን ይለያል? ማስመሰያ በመስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ቁርጥማት ያለባቸውን ሰዎች መዳቡንና መዳብ መስሎ የተቀባ የአሉሚኒየም አንባር በተራ በተራ አስደረጓቸው። ውጤቱ ወደ መዳቡ አደላ። ሻጮች እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቅሱት እሱን ነው። ነገር ግን ለጥናቱ ከተሰበሰቡት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቀድሞውኑ መዳብ ሲያደርጉ የኖሩ ነበሩ። የተመዘነውም በአብዛኛው የተሰማቸው ስሜት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠንከር ያለው መጣ። እንግሊዝ አገር ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስቱዋርት ሪችመንድ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሁለት ጊዜ ፈተሸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው መገጣጠሚያቸው በተሸረሸረ 45 ሰዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው አራት ዓይነት ማሰሪያ በየተራ አደረገ፤ አንዱ የመዳብ አንባር ነበር፣ ሌሎቹ ማግኔት ያላቸውና ማግኔታቸው የወጣ ማሰሪያዎች። በድምሩ 16 ሳምንት ፈጀ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ባለባቸው 70 ሰዎች ላይ ነው። እዚህ እያንዳንዱ ማሰሪያ አምስት አምስት ሳምንት ተደረገ። ሕመማቸውን ብቻ ጠይቀው አላበቁም፤ ደማቸውንም ወስደው የብግነቱን፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጠውንና የሚያሞቀውን ነገር፣ ምልክት ለኩ። በሁለቱም ጥናቶች መዳቡ ከማስመሰያው አልተሻለም። ሕመሙም፣ በሁለተኛው የተለካው ብግነትም፣ የሚውጡት መድኃኒት መጠንም ያው ነበር።

አንድ ሌላም ልጨምርልሽ፤ ከእናትሽ ቃል ጋር ስለሚገጥም። አሜሪካ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2002 «አዮን» የሚባል ኃይል ተሞልቶበታል የተባለ አንባር ሞከረ። መዳብ አይደለም፣ ግን ያው የዚሁ ገበያ ዕቃ ነው። 610 ሰዎችን ለሁለት እኩል ከፈሉ። ግማሹ እውነተኛውን፣ ግማሹ ማስመሰያውን ለ28 ቀን አደረገ። ሲያበቃ እውነተኛውን ያደረጉት ቀለል ብሎናል አሉ። ማስመሰያውን ያደረጉትም እንዲሁ ቀለል ብሎናል አሉ። ልዩነት አልነበረም።

ጓንቱና ካልሲውስ? መዳብ አለበት የተባለ ልብስ ሲሸጥ የኖረ ቶሚ ኮፐር የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ። ልብሳችን የከባድ በሽታ ሕመም ያስታግሳል እያለ ያስተዋውቅ ነበር። የአገሪቱ የንግድ ተቆጣጣሪ ማስረጃ የላችሁም ብሎ ከሰሰው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2015 1.35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ያለ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳያወራም ታገደ። ጠበቅ ያለ ጓንት እጅን ያሞቃል፣ እብጠትንም ጫን ይላል። እጅ የሚወደው ሙቀቱን ነው። ለዚያ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚሸጠው የሱፍ ጓንት ይበቃል። ሦስት ሺህ ብርሽን አታውጪ።

አሁን ሻጮቹ ለወንድምሽ ወደ ነገሩት እንምጣ።

«ሰውነቷ መዳብ አንሶት ነው» ብለዋል። ሰውነታችን መዳብ ያስፈልገዋል፣ እውነት ነው። ለአዋቂ ሰው የሚበቃው በቀን 900 ማይክሮግራም ነው፤ ከአንድ ሚሊግራም በታች ማለት ነው። ይህ ከምስሩ፣ ከሽሮው፣ ከሰሊጡ፣ ከጉበቱ ይገኛል። ጤፉም ውስጥ አለ። ወሎ ቤት ሽሮና ምስር እየበላ መዳብ የሚያንሰው ሰው ብዙ አይደለም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች ደም ሲመረመር መዳቡ ብዙውን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ብግነት ሲኖር ጉበት መዳብ የሚሸከመውን ፕሮቲን አብዝቶ ስለሚያመርት ነው። በዝቶ ላለ ነገር ማሟያ እየሸጡ ነው።

«መርዙ እየወጣ ነው» ብለዋል። አረንጓዴው የመዳቡ የራሱ ዝገት ነው። መዳብ ላብ፣ ጨውና አየር ሲያገኘው እንዲያ ይሆናል። ካላመንሽ ቤት ውስጥ ሞክሪው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ የሚወጣውን ቀይ የመዳብ ክር ቁራጭ፣ ከምንም ያልተያያዘውን፣ ሳህን ላይ አድርጊ። ሎሚ ጨምቂበት፣ ጨው ነስንሺበት፣ አየር እንዲያገኘው ሳትከድኚው አንድ ሁለት ቀን አሳድሪው። አረንጓዴ ያወጣል። ለእናትሽም አሳዪያቸው፤ ሽቦው ቁርጥማት የለበትም። ቆዳቸው ላይ ያለውን በሳሙናና በሎሚ ቢያሹት ይለቃል። ቆዳው ከቀላ ወይም ካሳከከ ግን ከሌላ ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል ያውልቁት።

መዳብ ባክቴሪያ ይገድላል ብለውም ይሆናል። ይገድላል፣ የበር እጀታና የሆስፒታል አልጋ ላይ ያረፈውን። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ ሥራ መዝግበውታል። የእናትሽ ጣት ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው።

ያንገበገበኝ ሦስተኛው ነው። «ክኒኑን ካላቆመች አይሠራላትም።» አንባርና ክኒን የሚጣሉበት ምንም መንገድ የለም። ይህን የሚል ሻጭ የሰው እናት ላይ እየፈረደ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቢ የክኒኑን ማሸጊያ ፈልጊና ስሙን አንብቢ። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ ማስታገሻ ነው፤ በመቆሙ አደጋ አይደርስም፣ በሽታውንም አያክም ነበር። ፕሬድኒሶሎን የሚል ከሆነና ለሳምንታት ሲወስዱት ከነበረ ግን በድንገት መቆሙ ራሱ አደጋ አለው። የሚዝሉ፣ የሚያዞራቸው፣ የሚያስመልሳቸው ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልመለስ።

ዕድሜና ሥራ የሸረሸረው መገጣጠሚያም ጠዋት ይደርቃል። ግን ቶሎ ይፍታታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሲሠሩበት ይውልና ማታ ይብሳል። ረፋዱ ድረስ የሚደርቅ፣ ሁለቱንም እጅ እኩል የያዘ፣ ጣት ከመዳፍ የሚጋጠምበትን ጉብታ የሚያሳብጥ ሕመም ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሽፋን ሲወጋ የሚመጣ በሽታ ነው። በደብዳቤ ምርመራ አይሠራም፤ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ሊሆን እንደሚችል እያወቅሁ ዝም ማለት አልችልም።

አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁና።

ፋርማሲ ስሠራ አንዲት እናት በየወሩ ዳይክሎፌናክ ለመግዛት ይመጡ ነበር። ደሴ ብርድ ነው፣ ጠዋት ሲመጡ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ነው። ብሩን ከመቀነታቸው ፈተው ለማውጣት ይቸገሩና «እስቲ አንተ ፍታልኝ ልጄ» ይሉኛል። እፈታላቸዋለሁ፣ መድኃኒቱን እሰጣቸዋለሁ፣ «ይማሩ» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ጠዋት እጅዎ ስንት ሰዓት ይደርቃል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። በኋላ ጣቶቻቸው ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ አንድ ላይ ተንጋደዱ፣ ነፋስ እንደገፋው ገብስ። አጥንቱ ከተበላ በኋላ ክኒን አይመልሰውም። የዚህ በሽታ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ መድኃኒቱም ይበልጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው። እኚያን ሴት ሳስታውስ ጣቶቼ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ያስታውሱታል።

ስለዚህ ይህን አድርጊልኝ። ለአንድ ሳምንት እናትሽ ከነቁ ጀምሮ ጡጫቸው ጥሩ አድርጎ እስኪዘጋ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ስልክሽ ላይ ያዢ። ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው። ደግሞ እጃቸውን ሰላም እንደምትዪ ያዢና ከአራቱ ጣቶች ሥር ያሉትን ጉብታዎች ከግራና ቀኝ ቀስ አድርገሽ ጨበጥ አድርጊ። ፊታቸው ከተጨማደደ እሱንም ንገሪው። ያበጠ፣ የሚሞቅ አንጓ ካለ ፎቶ አንሺው፤ ቀጠሮው ቀን ሊበርድ ይችላል። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ ከቀላና ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሳምንት አትቁጠሪ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

ከዚያ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ጠይቂ። ደሴ ቅርብ ነው። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ይያቸው። የጤና መድን ካርዳችሁን ማሳደሱን አትርሱ፣ ሪፈሩንም ይዛችሁ ሂዱ። የደም ምርመራና የእጅ ራጅ ያዙላቸው ይሆናል። በሽታው እሱ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን ነው። ጥቅሙ የሚታየው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ «አልሠራም» ተብሎ ቶሎ እንዳይጣል። የሚዋጠው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ ሰው ይገድላል። ቀኑን ምረጡለት፤ ጁምዓ ከሆነ ሁልጊዜ ጁምዓ። በየጊዜው የደምና የጉበት ምርመራ ስላለው ቀጠሮ አይዝለል።

እስከዚያው ጠዋት ሲነሱ እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያቆዩ፣ ውሃው ውስጥ እያሉ ጣታቸውን ይክፈቱ ይዝጉ። የማማሰያውን እጀታ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለሽ አወፍሪው፤ ቀጭን እንጨት መጨበጥ ነው የሚያደክማቸው። ቡናውን ለጊዜው አንቺ ቅጂ፤ እሳቸው አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ቁጭ ብለው ይመርቁበት። ዱዓው ይቀጥል፣ ወዳጃውም ይቀጥል። «መድኃኒቱ ይሥራላት» ተብሎም ይደረግ።

ስለ ወንድምሽ። አልተሳሳትሽም፣ እሱም ክፉ አይደለም። ሰው አገር ሆኖ እናቱ እጅ እያመማት በስልክ ስትነግረው ምን ያድርግ? መዳፏን ይዞ ማሸት አይችልም። የሚችለው መግዛትና መላክ ነው። ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ «ተታለልክ» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ በይው፦ «ወንድምዓለም፣ የላክኸው አንባር እጇ ላይ ነው፣ ትወደዋለች። የጓንቱን ብር ግን ለደሴ መንገድና ለምርመራ አድርገው። የኔን ሦስት ሺህም እዚያ ላይ እጨምራለሁ። ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ በቪዲዮ እደውልልሃለሁ፣ የፈለግኸውን ጠይቀው።» ይህን ሲሰማ «ሰሰትሽ» ያለውን ቃል ራሱ ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ።

አንባሩን አታስወልቂያቸው። ቆዳቸውን እስካላቆሰለ ድረስ ጉዳት የለውም፣ ከልጃቸው የመጣ ጌጥ ነው። ሐኪም ቤትም አድርገውት ይሂዱ። ራጅ ሲነሱ ብቻ ያወልቁታል፤ ማዕድን ራጁ ላይ ጥላ ስለሚጥል የአንጓው አጥንት አይታይም። ያኔ አንቺ ያዢላቸው፣ ሲወጡ መልሰሽ አድርጊላቸው።